አሳር ሠላሳ ሁለት

ሰውየው ሻዩን ሳይነካ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«የሰርቨሩን በር ንገሪኝ።»

ኒሩታ ጃንጥላዋን አራገፈች። ዝናቡ የማንጋል ባዛርን ሰው ሁሉ ሻይ ቤቱ ውስጥ አጉሮታል። ጫጫታው ለሁለቱም ተመችቷቸዋል። እሱ ሴቶች ልጆችን ወደ ውጭ የሚሸጥ ቢሮ ውስጥ በሰላይነት ያሰማራት አለቃዋ ነው፤ የሥራ ስሙ ካካ፣ አጎት ማለት ነው። የሚያያቸው ሁሉ አጎትና የወንድም ልጅ ይመስሉታል። በእሱ ስልክ ላይ ግን እሷ «ጭጋግ» ናት።

«መግቢያ ስሙ ካፊያ ነው፤ የይለፍ ቃሉ የተለመደው» አለች በለሆሳስ።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«እርስዎና እኔ ብቻ።»

«ጎበዝ። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ይበራሉ። ሰዎቼ ኤርፖርት ናቸው፤ አንዷም አትሳፈርም። ማስረጃውን እስክንቀዳ አንቺ ሰርቨሩ እንዳይወድቅ ጠብቂ።»

«ቃልዎ ነው ካካ?»

«ካካሽ መቼ ዋሽቶሽ ያውቃል?»

ከእሷ በፊት እዚያ ቢሮ የገባው ሰላይ ተጋልጦ ተበልቷል። እሱንም ካካ «ጎበዝ» ይለው ነበር። ስለዚህ የሰጠችው በር እሱን ለመፈተን ያዘጋጀችው፣ ወደ ባዶ ክፍል የሚያስገባ ነው። ማንም ቢሞክረው ሰርቨሩ ከየት እንደመጣ ይመዘግባል።

ስልኳ ጮኸ። ቢሮ ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጠው ፕሮግራመር ሱቪን ነው፤ እንደ ታላቅ እህቱ «ዲዲ» ይላታል።

«ዲዲ፣ ነይልኝ በናትሽ! ሲስተሙ ወድቋል። ሳሁጂ ሊበላን ነው!»

ቢሮው ከነሐስ ዕቃ መሸጫ በላይ ነው። ድርጅቱ ሰዎችን ለሥራ ወደ ውጭ ይልካል፤ ድረ ገጹን የሚሠሩት ኒሩታና ሱቪን ናቸው። የኤርፖርቱ መኮንን የእያንዳንዷን ልጅ የፈቃድ ቁጥር እዚያ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ያጣራል። በሚታየው ገጽ ላይ ሁሉም የሆቴል ሠራተኞች ናቸው። በውስጠኛው መዝገብ ግን ሌላ አገር፣ ለሌላ ሥራ ተሽጠዋል። አውሮፕላኑ እንደተነሳ መዝገቡ ይጠፋል። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚደረገው።

ባለቤቱ ዲርጋ፣ ሠራተኞቹ «ሳሁጂ» የሚሉት ጌታቸው፣ የሚታኘከውን የሱፓሪ ፍሬ እያላመጠ በሩ ላይ ቆሟል።

«ሁለት ኢንጂነር ቀጥሬ አንድ ድረ ገጽ ይሞትብኛል? አንተ ሲድኒ! ተምሬ መጣሁ ያልከው ይሄንን ነው?»

ሱቪን ሲድኒ ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ ስሙ ይኸው ሆኖ ቀርቷል።

«500 ነው የሚለው ሳሁጂ። የውስጥ ስህተት...»

«የውስጥ ስህተት? ውስጥህን ሳላወጣው አስነሳልኝ!»

ኒሩታ ተቀምጣ ሎጉን ከፈተች። ሰርቨሩ የሚደርስበትን ሁሉ የሚጽፍበት ፋይል ነው፤ ሰው ይዋሻል እንጂ ሎግ አይዋሽም። መስመሮቹን ወደ ላይ ገፋች።

ካፊያ።

አንድ ሰው በሩን ሞክሮታል። ከየት? ከሳሁጂ ክፍል ኮምፒውተር።

ካካ ሸጧታል።

ስሟን ገና አልሰጠም ማለት ነው፤ ቢሰጥማ ኖሮ ሳሁጂ እንዲህ ተዝናንቶ ሱፓሪ አያላምጥም ነበር። እንደ ገበያ ፍየል ዋጋ እየተከራከሩባት ይሆናል። ኤርፖርት የቆመ ሰውም የለም። ልጆቹን የሚያስቀር ማንም የለም።

ወደ ስህተቱ ተመለሰች። ድረ ገጹ የልጅቷን መዝገብ ካወጣ በኋላ የዛሬውን ቀን ሲያጣራ ነው የሚወድቀው። ዛሬ አሳር ሠላሳ ሁለት ነው። በዚህ አገር አቆጣጠር አሳር የሚባለው ወር አንዳንድ ዓመት እስከ ሠላሳ ሁለት ይሄዳል፤ ሕፃንም ያውቀዋል። ሱቪን ግን ኮዱን ሲጽፍ የሲድኒ አመሉ ይዞት ማንኛውንም ወር ሠላሳ አንድ ላይ ቆርጦታል። ማሽኑ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ይወድቃል። ነገ ቀጣዩ ወር ሳውን አንድ ብሎ ሲብት ደግሞ ማንም ሳይነካው በራሱ ይነሳል።

አንድ መስመር ብታርም ድረ ገጹ ይሠራል። ልጆቹም ይሄዳሉ።

ዝም ብትልስ? ሳሁጂ ለአንዱ ባለሥልጣን ደውሎ «በኋላ ታጣሩታላችሁ» ይልና ያሳልፋቸዋል። መውደቁ ብቻ አይበቃም። ድረ ገጹ ወድቆ መናገር አለበት።

«ዲዲ» አለ ሱቪን፣ ጸጉሩን እያከከ፣ «ሚሞሪው አልሞላም። ዳታቤዙም ይመልሳል። የሚሰናከለው ቀኑ ላይ መሰለኝ...»

ኒሩታ አቋረጠችው።

«ቀኑን ተወው። ግንኙነቱ ነው የሚቆራረጠው። ጣሪያ ላይ ውጣና ገመዱን እይ፤ ውኃ ገብቶበት ይሆናል።»

«በዚህ ዝናብ?»

«ሲድኒ አይዘንብም እንዴ?»

ሳቀ። የእሷን ጃንጥላ አንስቶ ወጣ። እንዲህ በቀላሉ ማመኑ አናደዳት።

ሳሁጂ ኮሪደሩ ላይ ስልክ ያወራል። የሱቪን ኮምፒውተር እንደተከፈተ ነው። በራሷ ስም ብትገባ ገና ሳይጠቅም ይደረስባታል፤ ሳሁጂ ከካፊያ ወዲህ የሰላዩን ዱካ በየመስመሩ እየፈለገ ነው። በሱቪን ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ዲበግ የሚባል ማብሪያ አለ። ፕሮግራመሮች ስህተት ሲፈልጉ በገዛ ኮምፒውተራቸው ላይ የሚያበሩት ነው። ሰው በሚጠቀምበት ሰርቨር ላይ ግን አይበራም፤ ከበራ «ይቅርታ» በሚለው ገጽ ፋንታ ማሽኑ በዚያች ቅጽበት በእጁ የያዘውን ሁሉ፣ ስምም ምስጢርም ሳይል፣ ለጠየቀው ሰው ይዘረግፋል።

በሱቪን ስም እንደሚጻፍ ታውቃለች።

እያወቀች አበራችው።

የእግር ድምፅ መጣ።

ወደ ወንበሯ ተመልሳ ኪቦርዱን መደብደብ ጀመረች።

«እህ?» አለ ሳሁጂ ከጀርባዋ። የሱፓሪው ሽታ አንገቷ ላይ አረፈ።

«ደርሰንበታል ሳሁጂ። ትንሽ ጊዜ ይስጡን።»

«ሁልጊዜ ትንሽ ጊዜ! እናንተ ኮምፒውተር ያላችሁ ሰዎች ቤት ከሚሠራ አናጢ ትብሳላችሁ።»

ስልኩ ጮኸ። አዳመጠ። ማላመጡን አቆመ።

«ምን ይታየዋል? ... የእኔ ስም? ... የትኛው አገር ይላል? ... ዝጋው! ዝጋው በለው እንጂ!»

ኤርፖርት መስኮቱ ላይ የተቀመጠው መኮንን የመጀመሪያዋን ልጅ ቁጥር አስገብቶ ነበር። ማሽኑ ሁሉንም ነግሮታል፤ ሆቴሉን፣ እውነተኛውን መድረሻ፣ ገዢዋን፣ ሻጯን። ሁለተኛዋን አስገባ። ሦስተኛዋን። ከዚያ አለቃውን ጠራ።

ሳሁጂ የሰርቨሩን ታሪክ፣ ማን ምን እንደነካ የሚያሳየውን፣ አስከፈታት። ከፈተችለት። የሱቪን ስም ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ሱቪን ውኃ እየተንጠባጠበ ገባ፤ ፈገግ ብሏል።

«ገመዱ ደህና ነው ዲዲ። እኔ አላልኩሽም? ቀኑ ነው...»

ከኋላው የተከተለው የሳሁጂ ሹፌር አንገቱን ያዘው። ሳሁጂ የሱቪንን ቀኝ እጅ የብረቱ በር መቃን ላይ አስደግፎ በሩን በእግሩ ዘጋው።

«እኔ አይደለሁም! ዲዲ፣ ንገሪያቸው!»

ኒሩታ አፏን ከፈተች።

ዘጋችው።

በሩ እንደገና ተዘጋ። ያን ድምፅ ሰምቶ ዝም ያለ ሰው ምን ይባላል? ራሷን እንደዚያን ጊዜ ጠልታ አታውቅም። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ግን በሱ ቦታ የምትቆመው እሷ ናት፤ ማብሪያውንም ወዲያው ያስጠፏታል፤ መኮንኑም ገና እያስገባ ነበር።

የፖሊስ መኪና ድምፅ ከታች ሲሰማ ሳሁጂና ሹፌሩ በጓሮ በር ሮጡ። ሱቪን መሬት ላይ ተቀምጦ እጁን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ታቅፎ ያያል። ስካርፏን ጠቀለለችለት። አይኑን ማየት አልቻለችም።

ደረጃው ላይ ስልኳ ጮኸ።

«ጭጋግ! የት ነሽ? ሻይ ቤቱ ጋ ነይ፣ ላውጣሽ።»

«መጣሁ ካካ።»

በተቃራኒው መንገድ ሄደች።

በማግስቱ ሳውን አንድ ነበር። የምሥራቁ አውቶቡስ ከተማውን ሲለቅ መሽቶ ነበር፤ ሰዎች በየደጁ በሽታን ለማባረር የተለኮሰ እንጨት ወደ ጨለማው ይወረውራሉ። የአውቶቡሱ ሹፌር ሬዲዮ ከፍቷል። ዲርጋ ሳሁጂ ድንበር ሳይሻገር ተይዟል። ካካ ስለ ድካሙ፣ ስለ ንቃቱ፣ ስለ ሰዎቹ ቆራጥነት ረጅም መግለጫ ሰጠ። ቀጥሎ አንዲት ከኤርፖርት የተመለሰች ልጅ ተናገረች፤ እያለቀሰች ነበር።

«ጉዞዬን ያስቀረብኝን ሰው እግዜር ይይለት። ጉሮሮዬን ነው የዘጋው። አሁን በየት ፊቴ ቤት ልግባ?»

ኒሩታ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደገፈች። ሲም ካርዱን ከመጣሏ በፊት ስልኳን ለመጨረሻ ጊዜ ከፈተች። ከሱቪን አንድ መልእክት ገብቷል። ፊደሎቹ የተፋለሱ ናቸው።

«ዲዲ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ስህተቱን አገኘሁት፤ ወሩን 31 ላይ ቆርጬው ነበር። እናቴ ስትሰማ አገር የለህም ወይ አለችኝ። ያንቺንም ሥራ አሳጣሁሽ፣ ይቅር በዪኝ። ዲበጉን ግን መቼ እንዳበራሁት ባስብ ባስብ አልመጣልኝም።»

«አንተ አይደለህም» ብላ ጻፈች። አየችው። አጠፋችው።

«ደህና አይደለሽም እንዴ ባሂኒ፣ እህቴ?» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ። «ክፉ ወሬ ነው? ከማን ነው?»

ኒሩታ የነበረችው ሴት ሲሙን አውጥታ በመስኮት ጣለችው።

«እኔ እንጃ፣ አላውቀውም» አለች። «የተሳሳተ ቁጥር ነው።»