ኳሷ መስታወቱን ስትነካ

የባለቤታቸው አስከሬን ከተነሳ በኋላም ካፒቴኑ ከመኪናቸው አልወረዱም። ሰዎች መኪናዋን ከነእሳቸው ወደ ኋላ ገፍተው ነው ሟቿን ያወጧቸው። እሳቸው ቀበቷቸውን እንዳሰሩ፣ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደጨበጡ ግድግዳውን ያያሉ። «ያያሉ» ማለትም ማጋነን ነው፤ በግራቸው ያለውን ዓለም ግላኮማ ከወሰደባቸው ሰንብቷል።

መርከብም አውሮፕላንም ነድተው አያውቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድተው አንዲት ዶሮ ሳይገጩ ጡረታ ስለወጡ «ካፒቴን» ያላቸው ሰፈሩ ነው።

መርማሪዋን በመሥሪያ ቤቷ «መርፌ» ይሏታል። በጠባብ ቦታ ሁሉ ስለምትገባ ነው፤ ያልወደዷት ደግሞ ስለምትወጋ ነው ይላሉ። ወደ መኪናዋ መስኮት ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ምን ሆነ?»

«ገደልኳት» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ግን ፍሬን ይዣለሁ፣ ልጄ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ኳሷ ስትነካ ነው የያዝኩት።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ፊቱን አዞረ። መሐላው በግማሽ ከደረሰ ቆይቷል።

የመኪና ማቆሚያው ክፍል ጠባብና መስኮት የለሽ ነው። መጨረሻው ላይ፣ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ የሲሚንቶ ልብስ ማጠቢያ ገንዳ አለ። ከጣሪያው ወራጅ እንጨት ላይ ደግሞ አንዲት የቴኒስ ኳስ በሲባጎ ተንጠልጥላለች። የካፒቴኑ ብልሃት ናት። ርቀት መገመት ሲያቅታቸው ራሳቸው ሰቀሏት፤ ኳሷ የፊት መስታወቱን ስትነካ ማቆም ነው። ያኔ ከገንዳው ፊት አንድ ሰው ተመቻችቶ የሚቆምበት ቦታ ይተርፋል። ባለቤታቸው ሁልጊዜ እዚያ ቆመው፣ ጀርባቸውን ለመኪናዋ ሰጥተው ልብስ ያጥባሉ። ጆሯቸው ደክሟል። ሰፈሩ «እሱ አያይ፣ እሷ አትሰማ፤ ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ጤነኛ ሰው ይወጣቸዋል» እያለ ይስቅ ነበር።

ፖሊሶቹ የደረሱበት ድምዳሜ አጭር ነበር፦ ስኳር በሽታ እግራቸውን አደንዝዞታል፣ ፍሬን የረገጡ መስሏቸው ነዳጅ ረግጠዋል። አለቃዋም በስልክ ሽማግሌውን ይዛ እንድትመጣ፣ ጉዳዩ እንዳለቀ ነግሯታል። ካፒቴኑም ውሰዱኝ ብለው ይለምናሉ። ሚስቱን የገደለ ሹፌር ተብለው ሊሞቱ ነው።

መርፌ የመኪናዋን የፊት መብራቶች ዳሰሰች፤ አልተሰነጠቁም። ገንዳውም ደህና ነው። ወለሉ ላይ ለዓመታት የተንጠባጠበ የሞተር ዘይት ያጠቆረውን ቦታ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዎች ይጠብቋታል። ግቢው ተቆልፏል። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ግን ማንም ከማንም ጋር ላለመተያየት የሚበቃ አልነበረም።

ሴት ልጃቸው ሳትጠየቅ ጀመረች።

«ቁልፉን ደብቄያለሁ፣ አዎ። ዱቄት ውስጥ። ሐኪሙ ጋም ሄጄ ይከልክልልኝ ብያለሁ። አባዬ ‹የራሴ ልጅ አሰረችኝ› ብሎ ስንት ወር አኮረፈኝ። ምርቃቱን የሚሰበስበው ወንድሜ ነው፤ ‹እርስዎ እኮ ከእኔ ይሻላሉ› እያለ። ይሻላሉ ባይ! አባዬ ያደርሳቸው የነበሩ የገዛ ልጆቹን ከሰኞ ወዲህ ትምህርት ቤት የሚልካቸው በታክሲ ነው።»

ባሏ መካኒክ ነው፤ ፍሬኑን የሠራው እሱ ስለሆነ ላብ አጥምቆታል። በሚስቱ ትእዛዝ ሁለቴ ባትሪ መንቀሉን ሳይቀር ተናዘዘ። ፍሬኑን ግን የትራፊክ ፖሊሱ እዚያው ማቆሚያው ውስጥ ሞክሮ እንከን አጥቶበታል።

ወንድ ልጃቸው ከረባቱን እንዳሰረ ከሥራ ተጠርቶ የመጣ ነው። አባቱ ስህተት እንደማያውቁ፣ ጥፋቱ የስኳሩ እንጂ የማንም እንዳልሆነ አስረዳ። እናቱ ቀኑን እሱ ቤት ሊውሉ ነበር፤ የዘፈዘፉት ልብስ ትዝ ብሏቸው ተመለሱ። እዚህ ላይ ሲደርስ አለቀሰ። ልቅሶው የእውነት ነበር፤ መርፌን ያሳሰባትም ይኸው ነው።

ካፒቴኑን ከመኪናዋ አስወርዳ በሩ ላይ ከቆመው ፖሊስ መሰላልና መዶሻ ጠየቀች። ማቆሚያው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ጥቂት ቆይታ ወጣችና መኪናዋን ወደ ግቢው አስወጥታ ሁሉንም እንዲሳፈሩ አዘዘች። ካፒቴኑ እምቢ አሉ።

«የነገሩኝን አምኛለሁ» አለቻቸው በሹክሹክታ። «ሌላውም እንዲያምንዎት አንዴ ብቻ እንደ ወትሮዎ ይግቡልኝ።»

ልጅቱ ከጎናቸው፣ ሁለቱ ወንዶች ከኋላ ተቀመጡ። መርፌ ገንዳው ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችና የቧንቧውን ውሃ ከፈተች።

መኪናዋ እየዳኸች ገባች። ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። መካኒኩ አንገቱን አስግጎ የአማቱን እግር ያያል። ወንድ ልጁ ብቻ ኳሷን ያያል።

«አባቴ! ኳሷን አይጠብቁ! አሁኑኑ ፍሬን ይያዙ!»

በዚያች ሰዓት እንኳ አንቱታውን አልረሳም።

ኳሷ መስታወቱን ነካች። መኪናዋ ቆመች። ከመርፌ ጀርባ እስከ መኪናዋ አፍንጫ ሌላ ሰው ሊቆም ይችል ነበር።

ውሃውን ዘጋች። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለች። «ለምን ኳሷን አይጠብቁ አሉ?»

ልጁ በሩን ሊከፍት ታገለ። የኋላ በሮቹ ለልጅ ልጆች ደኅንነት ሲባል ከውስጥ እንዳይከፈቱ ተደርገዋል።

መርፌ መስኮቱ ጋ መጥታ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ነዳጅ የረገጠ ሰው መብራቱንም ገንዳውንም ይሰባብር ነበር፤ ካፒቴኑ የገቡት በዝግታ ነው፤ ደካማ ደረት ከሲሚንቶ ጋር ለማጣበቅ ግን ዝግታም ይበቃል። ዘይቱ ያጠቆረው ቦታ መኪናዋ ለዓመታት የት ትቆም እንደነበር ይናገራል። ዛሬ ኳሷ መስታወቱን እንድትነካ ግን ሞተሩ ያን ቦታ አልፎ ገንዳው ሥር መድረስ ነበረበት። እንጨቱ ላይ የድሮ ሚስማር ቀዳዳ ነበር፣ ከእሱ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ ደግሞ የሚያብለጨልጭ አዲስ ሚስማር።

«ኳሷን ወደ ቀድሞ ቦታዋ የመለስኳት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ሌላ ያን የሚያውቅ አልነበረም። እህትዎ በግልጽ ትጣላለች፣ ቁልፍ ትደብቃለች። ‹ከእኔ ይሻላሉ› የሚል ሰው ግን ልጆቹን ከመኪናው ለምን ያሸሻል?»

«ዛሬ ጠዋት መኪናዋ ስትወጣ ያራቅኳት ገንዳውን ትንሽ ገጭተው እንዲደነግጡ ነበር» አለ ልጁ። «በራሳቸው እንዲተዉት። እናቴ እኔ ቤት ነበረች።»

«ለምን በአፍህ አልነገርከውም?» አለች እህቱ፣ ሳትዞር።

«እንዴት ብዬ? አባቴ እኮ ናቸው።»

ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፉ።

«አንተ ኳሷን ከቦታዋ አነሳህ» አሉ። «እኔም እሷን ብቻ ነበር የማየው። እናትህ ከፊቴ ቆማ ነበር እኮ።»

ቁልፉን ነቅለው ለልጃቸው ዘረጉላት። «እንኪ። ዱቄት አታበላሺበት።»

መርፌ ዞራ የኋላውን በር ከውጭ ከፈተች። ልጁ ግን አልወረደም።