የዘነቡ ወንድም መነጽር

እኔ በዛር፣ በጥላ ወጊ፣ በሙት መንፈስ የማምን ሰው አይደለሁም፣ አስቀድሜ የምነግራችሁም ስታነቡት "ሽማግሌው ጃጀ" እንዳትሉኝ ነው። እዚህ መርሳ አሮጌ የጦር ሜዳ መነጽር እየሰበሰብኩ ማደስ ስጀምር ፀጉሬ ጥቁር ነበር። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፣ ግን ሻጋታ የበላው፣ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ የሚያሳይ መነጽር ከእጄ ሲወጣ ማዶ ያለች ፍየል ጢሟ ሳይቀር ይታያል፣ ጉራ አይደለም፣ ከወልድያ ድረስ ይመጡብኛል።

አንድ ሐሙስ ዘነቡ የምትባል የሲሪንቃ ሴት መጥታ በነጠላዋ የጠቀለለችውን መነጽር ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ዘምቶ የቀረ ወንድሟ ይዞት የነበረ ነው፣ ጓደኛው ነው ያመጣላት። ስንት ዓመት "አልሞተም" ብላ እርሟን ሳታወጣ ኖራ፣ ዘመድ ለምኖ ለምኖ እሺ አሰኝቷታል። መቼም ታውቃላችሁ፣ አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው ለቅሶ የሚቀመጡት ዕቃውን አልጋ ላይ ዘርግተው ነው፣ እሷ ደግሞ ከዚህ መነጽር በቀር የሱ የሆነ ነገር የላትም።

"አያ ደምሴ፣ ድንኳኑ እሁድ ነው፣ እንዲህ ሻግቶ ሰው ፊት አላወጣውም፣ እሱ እኮ ጫማው ላይ አቧራ የማይወድ ሰው ነበር" አለችኝ፣ "ነበር" ማለቷ ሲሰማት አፏን በእጇ ያዘች።

"አይዞሽ ልጄ፣ አዲስ አስመስዬ ነው የምሰጥሽ።"

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ፈታሁት። እመኑኝ፣ አጀማመሩ ትንሽ ነገር ነው፣ በግራው ቱቦ ውስጥ በጥፍር መታ መታ የሚያደርግ ድምፅ፣ የላላ ብሎን መስሎኝ ያለውን ሁሉ ባወጣ ባዶው ቱቦ መታ መታውን ቀጠለ። መስታወቱን በአልኮል አጥርቼ ብገጥመው ከውስጥ ጉም ለበሰ፣ ሰው እፍ ያለበት ይመስል፣ ያውም በዚያ ደረቅ ፀሐይ! ደጋግሜ ስጠርገው በመጨረሻ ጠራ፣ ድምፁም አብሮ ቆመ።

ሥራዬን የምፈትነው ደጄ ላይ ቆሜ ማዶ ያለውን ተረተር በማየት ነው። ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ላይ ግጥም ብለዋል፣ ኮራሁ። ታዲያ ተረተሩ ላይ አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን በጨርቅ ይወለውላል። ከግድግዳዬ ሌላ መነጽር አውርጄ ባይ ድንጋዩ ብቻ፣ ወደ ዘነቡ መነጽር ስመለስ ሰውየው አለ፣ ያውም ቀና ብሎ ወደ እኔ ያያል። መነጽሩን አውርጄ ቁጭ አልኩ።

እሷ ስትመጣ ትንፍሽ ላልል ቆርጬ ነበር፣ ብነግራት ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቅ ልትኖር ነው። ግን ሳልጠቀልለው አንስታ ደጄ ላይ ወጣችና ወደ ተረተሩ አዙራ ዓይኗ ላይ አደረገችው፣ ቆየች፣ በጣም ቆየች።

"አያ ደምሴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ይኼ የሚያሳየው ያለውን ነው ወይስ የነበረውን?"

"የነበረውን" ብላት እርሟን ታወጣ ነበር። ምላሴ ግን ለሥራዬ አደላ።

"ያለውን ነው እንጂ! ከእኔ እጅ የወጣ መነጽር የሌለ ነገር አያሳይም።"

ስልኳን አወጣች፣ አጎቷን "ድንኳኑን አትትከሉት" አለችው፣ መነጽሩን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የተረተሩን መንገድ ያዘች። እኔም በግድግዳው መነጽር ተከተልኳት። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጎንበስ አለችና ሰው እንደሚሳም ጉንጯን ወዲህና ወዲያ እያደረገች አገላብጣ ሳመች፣ ማንን እንደሆነ ግን የእኔ መነጽር አላሳየኝም።