ሦስተኛው ጥቁር ፍላጻ

ኮሪን የመጀመሪያውን ፍላጻ ከኮሮጆዋ መዝዛ ጭራውን ጅማቱ ላይ ስታስገባ «ቀጭ» አለ። ትንሽ ድምፅ ነበረች፤ ሳይማ ግን ዓይኗን ከፍላጻው ላይ አልነቀለችም።

«ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ» አለች ኮሪን በጎን አየት አድርጋት። «ገና ሳልለቅ ተሸነፍሽ?»

«ወሬ ቀንሺና ልቀቂ» አለች ሳይማ።

ከሳይማ ቤት ጓሮ፣ ሃያ ያርድ ርቆ፣ የገለባ ክምር ላይ ሦስት ነጭ ነጥቦች ተለጥፈዋል። ለአንድ ነጥብ አንድ ፍላጻ፤ ለአንድ ሰው ሦስት ዕድል። ያሸነፈች ዛሬ ከሰዓት የተተዉት የፖም ዛፎች ጋ ያለው ማማ ላይ ትወጣለች፤ አጋዘኖቹ በጥቅምት ለወደቀው ፖም ሲሉ የሚመጡት እዚያ ነው። የተሸነፈች ረግረጉ ዳር ተቀምጣ ጥንቸል ትቆጥራለች። ሁለቱም አሥራ አራት ዓመታቸው ነው፤ ለሁለቱም በደጋን ለማደን ፈቃድ ያገኙበት የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ይዟቸው የሚሄደውም የሳይማ አባት ነው። ሳይማ ድርሻዋን ጨርሳለች። ሁለቱ አገኙ፤ ሦስተኛው በአንድ ጣት ሳተ።

«እነዚያ ያባትሽ ቧንቧዎች ናቸው የሚያሳስቱሽ» ብላ ነበር ኮሪን፣ የሳይማን የአሉሚኒየም ፍላጻዎች ከገለባው ስትነቅል። «ፋራ! በዚህ ዘመን አሉሚኒየም ይዞ የሚዞር አባትሽና አንቺ ብቻ ናችሁ።»

የእሷ ሦስቱ ጥቁሮች የካርቦን ናቸው፤ ቀጭን፣ ቀላል፣ ከጅማቱ ሲለቁ ዓይን የማይከተላቸው። ወንድሟ ጋርት ሐይቁ ላይ ማዕድን በሚያመላልሰው መርከብ ሥራ ሊገባ ሲል የሰጣት ናቸው። ደጋኗንም ለእነሱ አስማምቶላት ነው የሄደው።

ኮሪን ሳበች፣ አነጣጠረች፣ ጅማቱን የሚለቀውን፣ አንጓዋ ላይ የታሰረውን መንጠቆ ምላጭ ነካች። ፍላጻው ነጥቡ መሀል ተተከለ።

ያኛው አይደለም፣ አለች ሳይማ በሆዷ።

ትናንት ማታ ኮሪን «አንዴ ሞክሪያቸው፤ ከዚያ ያባትሽን ቧንቧ አትነኪም» ብላ ጥቁሮቹን አውሳት ነበር። እየሞከረች ሳለ ጋርት ከመርከቡ ደወለና ኮሪን ስልኳን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ሳይማ ብቻዋን ቀረች። ፍላጻዎቹ እንዴት ይበራሉ! አንዱን ለቀቀች፤ ሁለተኛውን እዚያው ነጥብ ላይ፣ አጠገቡ አስገባች። ደስ አላት። ሦስተኛውንም ወደዚያው ላከችው። ያን ጊዜ ነው «ቋ!» ያለው። ልክ ጥርስ ከጥርስ ሲጋጭ።

ሮጣ ሄደች። አንደኛው ፍላጻ ወገቡ ላይ ግራጫ ጭረት ይዟል። በምራቋ አርጥባ በእጅጌዋ ስታሸው ጭረቱ ጠፋ።

አባቷ ሬይኖ ያስተማራትን ታውቀዋለች። «አሉሚኒየም ሲጎዳ ይጎብጣል። ጥፍርሽ ላይ አሽከርክሪው፤ ከተንቀጠቀጠ ነገረሽ ማለት ነው። ካርቦን ግን እስኪፈነዳ ድረስ ቀጥ እንዳለ ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ካልጠየቅሽው አይናገርም።» አጠያየቁንም አሳይቷታል፦ ሁለቱን ጫፍ ይዞ፣ ጆሮ አጠገብ ለጠጥ ማድረግ፤ ዞር አድርጎ እንደገና ለጠጥ። የተሰነጠቀ ከሆነ በኅዳር መጀመሪያ ሐይቁ ዳር እንደሚቀዘቅዝ ስስ በረዶ ውስጥ ለውስጥ ይንጣጣል። ያን ሳይጠይቅ የለቀቀው ጎረቤታቸው ኦግደን ዛሬም ግራ አውራ ጣቱ አይታጠፍለትም። ጥቁር ስንጣሪ ነው የገባበት።

ሳይማ ትናንት ፍላጻውን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ጆሮዋ ድረስ አንስታውም ነበር። ግን አልለጠጠችውም። ካልጠየቀችው የምትናገረው ነገር አይኖራትም። ከተናገረች ደግሞ የአባቷ ሕግ አለ፦ የተመታ ፍላጻ የደበቀ ያን ዓመት ደጋኑን ይሰቅላል፤ አያድንም። የአጎቷ ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት ጋራዣቸው ውስጥ ያለው ሚስማር ላይ ሰቅሎ እያለቀሰ ሄዷል። የኮሪን ኮቴ ሲሰማ ሳይማ ሦስቱንም ኮሮጆው ውስጥ መለሰቻቸው። ከዚያ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ እሷም አታውቅም።

ኮሪን ሁለተኛውን አወጣች።

ተናገሪ። አሁን ተናገሪ። ሳይማ ከንፈሯን ከፈተች፤ ግን ኮሪን እየሳቀች፣ «ፖም ልላክልሽ ወይስ ረግረጉ ጋ የሚበላ አታጪም?» ብላ ቀደመቻት። ደጋኑ ተሳበ። ሳይማ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጧ!»

ስትገልጥ ሁለተኛው ፍላጻ ነጥቡ ላይ ነው፤ የኮሪን እጅም ደኅና ነው። እኩል ሆኑ።

ሳይማ ቁጥር አዋቂ መሆን አላስፈለጋትም። ሦስት ነበሩ። ሁለቱ አለፉ።

«አሁን እዪኝ፣ ጀለስ» አለች ኮሪን። ሦስተኛው ቀድሞ ጅማቱ ላይ ነበር። ሳይማ ቃል ስትፈልግ የኮሪን ክንድ ወደ ኋላ ተሳበ፣ ጅማቱ አገጯ ሥር ደረሰ፣ ጣቷ ምላጩን ፈለገ። ፍላጻው ከግራ እጇ በላይ ተጋድሟል፤ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዝም ያለ።

መጮህ አይቻልም። ጅማት ተስቦ ሳለ ጮኾ የሚያስደነግጥ ሰው ምላጩን እሱ ነካው ማለት ነው። ሳይማ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ዝቅ ብላ ተናገረች።

«ኮሪን። ጣትሽን ከምላጩ አንሺው። ቀስ ብለሽ መልሺው።»

«አትረብሺኝ።»

«ፍላጻው ተሰንጥቋል መሰለኝ። እባክሽ። ቀስ ብለሽ።»

የሆነ ነገር በድምፅዋ ውስጥ ነበር። ደጋኑ ኮሪንን ወደ ፊት ሊጎትታት ታገለ፤ እሷም ጥርሷን ነክሳ ስንዝር በስንዝር መለሰችው። ጅማቱ ሲላላ ሁለቱም አንድ ላይ ተነፈሱ።

«ስትሸነፊ ነው ትዝ ያለሽ?» አለች ኮሪን። «አቦ፣ ለአንድ ማማ ብለሽ!»

ሳይማ ፍላጻውን ከእጇ ወሰደችና በሁለቱ ጆሮዎቻቸው መካከል ይዛ ለጠጥ አደረገችው። ዝም አለ። ዞር አድርጋ እንደገና ለጠጠችው።

ንጥጥጥ አለ።

ኮሪን ግራ እጇን ተመለከተች። ጣቶቿን አጠፈቻቸው፣ ዘረጋቻቸው።

«ማን ነው የመታው?»

«እኔ። ትናንት፣ ከጋርት ጋር ስታወሪ። አንድ ነጥብ ላይ ሦስቱንም ለቀቅኩ።»

«ትናንት።» ኮሪን ቃሉን አላመነችውም። «ታዲያ አሁን ሁለቱን ስለቅ… ቆመሽ ታዪኝ ነበር?»

«አዎ።»

ኮሪን ሄዳ ሁለቱን ከገለባው ነቀለች፤ እየለጠጠች አንድ በአንድ አዳመጠቻቸው። አልተናገሩም። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

የሬይኖ መኪና ጠጠሩ ላይ ስትንኮሻኮሽ ተሰማ።

«ተናድጃለሁ» አለች ኮሪን። «በጣም። ግን ላባትሽ አልነግርም። ይሰቅልብሻል። ደግሞ እኔ እዚያ ጫካ ውስጥ ካባትሽ ጋር ብቻዬን ምን ላወራ ነው?»

ሳይማ ፈገግ ልትል ሞክራ አቃታት። ደጋኗን አንስታ ወደ ጋራዡ ገባች። ሚስማሩ ከእሷ ቁመት ትንሽ ከፍ ይላል፤ በእግር ጣቶቿ ጫፍ ቆማ ሰቀለችው።

ሬይኖ የሥጋ ፓስቲ የያዘ ትኩስ ከረጢት በብብቱ አቅፎ በበሩ ገባ። ገና ቀና ሳይል፣ «ባለሱቁ ያዘዝኩልሽን ፍላጻ ዓይነት ዛሬውኑ አሳውቀኝ ይላል» አለ። «ካርቦን ነው ወይስ አሉሚኒየም? ወስነሻል፣ የኔ ልጅ?»

ከዚያ ሚስማሩን አየ። ከረጢቱን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ለዚህ ዓመት አያስፈልገኝም፣ አባዬ» አለች ሳይማ። የተሰነጠቀውን ፍላጻ በሁለት እጇ ዘረጋችለት። «ጆሮህ ጋ ያዘው። ከዚያ ሁሉንም እነግርሃለሁ።»