ለዳኛቸው አጽም የተሰፋ አቡጀዲ

ደምመላሽ «አልሄድም» ሲል አልታየሽ ለንደን ቤቷ ውስጥ የሻንጣዋን ዚፕ እየዘጋች ነበር።

«ጫካ ነው አልኩሽ እኮ አበልጄ! ዝናብ፣ ወባ፣ ዝሆን… አንቺ ከሼፈርድስ ቡሽ ገበያ አልፈሽ በእግርሽ ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተ ታስሄደኛለህ። መንገዱን የምታውቀው አንተ ነህ።»

ሶፋው ላይ የተቀመጡት ጎረቤቷ ጋሽ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደምመላሽ ልጄ፣ አጽም የሚፈልሰው ቀባሪው ቦታውን ሲያሳይ ነው። ሌላ ሰው ቢቆፍር የማንን አጥንት እንደሚያወጣ በምን ያውቃል? ካንተ በቀር የቀበረው የለም።»

በዘጠና ሰባት ምርጫ ማግስት የአልታየሽ ታናሽ ወንድም ዳኛቸው ታስሮ፣ ተገርፎ ሲፈታ ከጓደኛው ከደምመላሽ ጋር አገር ጥሎ ወጣ። በሱዳንና በቻድ አድርገው ካሜሩን ደቡብ ጫፍ፣ ደኑ ዳር ያለች ባማንጎ የምትባል ትንሽ ከተማ ደረሱ። ከዚያ ለንደን የገባው ደምመላሽ ብቻ ነው። አንድ ማለዳ ሽማግሌ አስከትሎ የአልታየሽን በር አንኳኩቶ መርዶ ያረዳት እሱ ነው። ምንጃር ላሉት እናቷም በስልክ «በወባ ሞተ፣ በገዛ እጄ ቀበርኩት» ብሎ ምሎላቸዋል። አልታየሽም ወንድሜን የቀበረ ወንድሜ ነው ብላ ለልጇ ክርስትና አባት አደረገችው።

ሰባት ዓመት ሞላ። እማማ እታፈራሁ ዓይናቸው ደከመ፣ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ግን «የልጄ አጥንት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሳይገባ አልሞትም» ብለው ከነጭ አቡጀዲ ከረጢት ሰፍተው ወደ ለንደን በሚመጣ ሰው እጅ ላኩላት። አልታየሽ ከረጢቱን አጥፋ፣ ከአጭር አካፋ ጋር ሻንጣዋ ውስጥ ከታለች።

ደምመላሽ ኮቱን አነሳ።

ከካሜሩን ዋና ከተማ ከያውንዴ በተነሱ በሦስተኛው ቀን አስፋልቱ አለቀና ቀይ ጭቃ ተቀበላቸው። ግንድ ሊጭን የሚወርድ ባዶ ካሚዮን ላይ ተሳፍረዋል። ሰማዩ ተቀዶ ይወርዳል። አንድ ቁልቁለት ላይ ካሚዮኑ በጎኑ መንሸራተት ጀመረ። በስተግራ ገደል ነው። ሹፌሩ ፍሬን ረገጠ፤ ይባስ ተንሸራተተ፤ የኋላ ጎማው ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሹፌሩ በሩን በርግዶ ዘለለና ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ጸሎቱን ተያያዘው።

«ጉድ እኮ ነው! አሁን ይጸለያል?» አለች አልታየሽ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባለ ፎቅ አውቶቡስ በለንደን ጠባብ መንገድ የነዳች ሴት ናት። ወርዳ ቅርንጫፍ ሰበረች፤ ጎማው ሥር ጎዘጎዘች፤ መሪው ላይ ወጣች።

«አልታየሽ ውረጂ! ትሞቻለሽ!»

«አንተ ቅርንጫፍ አቀብል!»

ሁለተኛ ማርሽ አስገባች። ፍሬኑን ረስታ ነዳጁን ቀስ አድርጋ ሰጠችው። ካሚዮኑ ተንቀጠቀጠ፣ ጭቃ ተፋ፣ አንድ ክንድ ወደ ገደሉ ሸሸ፤ ከዚያ ቅርንጫፉን ነከሰና ወጣ። ሹፌሩ እጇን ሳመ። ከዚያ በኋላ እሱ ተሳፋሪ ሆነ፣ እሷ ሹፌር።

በየመንደሩ ሲቆሙ ከሰው የሚያወራው ደምመላሽ ነው፤ ፈረንሳይኛ የሚችል እሱ ብቻ ነዋ። «ምን አሉ?» ትለዋለች። «መንገዱ ተዘግቷል፣ ተመለሱ ነው የሚሉት» ይላል። ሰዎቹ እየሳቁ ያወራሉ፣ እጃቸውን ወደ ፊት ይዘረጋሉ፤ የሱ ትርጉም ግን ለቅሶ ለቅሶ ይላል። አልታየሽ ወንድሟን የቀበረበት አገር ስለሆነ ከፍቶት ነው ብላ አዘነችለት። የዋህ!

ግንድ ቆራጮቹ ሰፈር ሲደርሱ የመኪና መንገድ አለቀ። ከዚያ ሞሪስ የሚባል አጭር፣ ሽበታም የደን ሰው መሪ ሆነላቸው። ገጀራውን ይዞ ከፊት ይሄዳል። ዛፎቹ ፀሐይ አያሳልፉም፤ እግር የረገጠው ሁሉ ይሰምጣል። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሞሪስ በድንገት እጁን አነሳ።

ዝሆን። ግልገሏን ከኋላዋ ደብቃ፣ ሃያ እርምጃ ላይ ቆማለች። ጆሮዋን ዘረጋች። ሞሪስ መዳፉን ወደ መሬት ዝቅ ዝቅ አደረገ፤ አትንቀሳቀሱ ነው።

ደምመላሽ ሮጠ።

ዝሆኗ ጮኸችና ተከተለችው። ሥር ጠለፈው፤ በግንባሩ ተደፋ። ሞሪስ ከአንድ ግዙፍ ዛፍ ግንድ እንደ ግድግዳ ወጥቶ የቆመውን ሥር በገጀራው ጀርባ ይደበድብ ጀመር፤ ደኑ በሙሉ አስተጋባ። አልታየሽም አካፋዋን መዝዛ ተቀላቀለች። «ሂጂ! ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ! ሂጂ ብዬሻለሁ!» በአማርኛ ጮኸችባት። ዝሆኗ ቆመች፣ ኩምቢዋን አወዛወዘች፣ ዞራ ግልገሏን እየገፋች ጫካው ውስጥ ገባች።

የደምመላሽ ቁርጭምጭሚት አብጧል፤ ደም ይፈስሰዋል። ማሰሪያ አልነበራቸውም። አልታየሽ አቡጀዲውን አውጥታ ትንሽ አመነታች። «ዳኛቸው፣ ይቅር በለኝ» ብላ ከጫፉ ቀደደችና ቁስሉን አሰረችለት። ደምመላሽ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። አሞት ነው ብላ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

ከሰዓት ሰፊው ወንዝ ዳር ደረሱ። ታንኳ ታስሯል፤ ባማንጎ ማዶ፣ ከወንዙ ወዲያ ናት። ደምመላሽ ግን ወደ ታንኳው አልሄደም። ከአሮጌ የሚሲዮን ፍርስራሽ ጀርባ እያነከሰ ሄዶ መስቀሉ የበሰበሰ አንድ ጉብታ አሳያት።

«ይኸው። እዚህ ነው።»

አልታየሽ «ዳኛቸው! ሆዴ! የእናቴ ልጅ!» እያለች ደረቷን ደቃች። ሲወጣላት አካፋውን አንስታ ቆፈረች። ሁለቴም አልዛቀች፤ ሞሪስ ደርሶ አካፋውን በሁለት እጁ ያዘ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ምን ይላል?»

«በ… በዝናብ ወራት መቃብር አይነካም ነው የሚለው።»

ሞሪስ ግን ደረቱን መታ። በእጁ የሴት ሻሽ አሠራር አሳየ፣ ሕፃን እንደ ማዘል አደረገ፣ ጉብታውን ጠቆመ፣ ደረቱን ደግሞ መታ። የሚስቱ መቃብር ነው። ከዚያ አልታየሽን ትክ ብሎ አያት።

«ኢትዮጲያን?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። የሞሪስ ፊት በራ። ግራ እግሩን እየጎተተ መራመድ ጀመረ፤ ብሎን የሚፈታ ይመስል እጁን አዞረ፤ እንጨት አንስቶ በጥርሱ ነከሰና በዚያው አፉ አፏጨ። እየሳቀ ወንዙን ማዶ አሳያት።

ማንከሱን አላወቀችውም። ብሎን በጥርሱ ይዞ የሚያፏጭ ሰው ግን በዓለም ላይ የምታውቀው አንድ ነው። ልጅ ሆኖ ብስክሌት ሲጠግን እናታቸው «ትውጠዋለህ! ከአፍህ አውጣው!» እያሉ ማጅራቱን ይሉት ነበር። በሞተ ሰው ደግሞ እንዲህ አይሳቅም።

«ደምመላሽ» አለች። «ባነሳኸው ልጄ ንገረኝ። ወንድሜ አለ?»

ደምመላሽ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«በወባ ተይዞ ነው ጥዬው የሄድኩት። ይሞታል ብዬ ነው… ክሮይደን የስደተኞች ቢሮ ኢንተርቪው ሲያደርጉኝ የምናገረው አልነበረኝም። እኔን ማንም አልገረፈኝም አልታየሽ! የሱን እስር፣ የሱን ግርፋት የራሴ ብዬ ተናገርኩ። ኋላ መትረፉን ስሰማ… እሱም መጥቶ ያንኑ ታሪክ ቢናገር እኔ የት እገባለሁ? ስታተሴ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ልጆቼ…»

«ስለዚህ ገደልከው።»

«እኔ አልገደልኩትም!»

«በአፍህ ገደልከው! ተዝካሩን ሳወጣ ወጥ ስታወጣ የዋልከው አንተ አይደለህም? አሁን ደግሞ የሰው ሚስት አጥንት ለእናቴ ልታሸክመኝ? አፈር ያልብስህ!»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የደምመላሽ ሰባት ዓመት ፈጀበት። አልታየሽ አለቅስ ብላ እንባ አጣች። የምታምነው ሰው ሁሉ፣ የምታምነው ነገር ሁሉ በዚህ ሰው በኩል የመጣ ነበርና ምኑን ይዛ ምኑን እንደምትጥል ጠፋት።

«እንመለስ» አላት ቀስ ብሎ። «አጣነው እንበል። ማን ያውቃል?»

ሞሪስ ጉብታውን እንዲያስተካክል ልታግዘው ጎንበስ ስትል የውኃ ድምፅ ሰማች። ቀና ስትል ደምመላሽ ታንኳው ላይ ነው፤ ቦርሳዋን ከነፓስፖርቷና ከነስልኳ ይዞ ቁልቁል ይቀዝፋል።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ!» ብላ ጮኸችበት። ዞሮም አላያት።

ዋና አትችልም። ሞሪስ ቀላል ግንድ ቆርጦ ውኃው ላይ አንሳፈፈና እንዴት እንደሚያዝ አሳያት። አቡጀዲውን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች፤ ከሞሪስ ጋር ገባች። መሀል ላይ ወንዙ እግሯን ወሰደው፤ በስተቀኝ ጉማሬ ተነፈሰ፤ አፏ ውኃ ሞላ። ክንዷ ሊለቅ ሲል የደምመላሽን ስም ከነእርግማኑ እየጠራች ግንዱን አነቀችው። ቁጣዋ ነው ያሻገራት ብል አልዋሽም።

በማግስቱ ጠዋት ባማንጎ ገቡ። አንድ ቀይ መንገድ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የሚያጓራ ጄኔሬተር። ማንጎ ዛፍ ሥር በቆመ ካሚዮን ታች ሁለት እግር ወጥቷል፤ ፉጨት ይሰማል። አልታየሽ እግሮቹ አጠገብ ቆመች። ሰውየው እየተሳበ ወጣ፤ ግራ እግሩን ይጎትታል፤ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ጥርሱ ላይ ብሎን አለ። ሲያያት ብሎኑ ወደቀ።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አላት።

«ዳኛቸው…»

«ያኔ ሲሻለኝ፣ እዚህ ከተማው ባለው ሚሲዮን ስልክ ደምመላሽ ጋ ስደውል ሁሉን ነግሮኛል። "እህትህ ለኔ ሞቷል ብላለች፤ ለእናትህም ብትጽፍ እሷን ያስሩብሃል" አለኝ። ዝም አልኩላችሁ። አሁን ምን ቀረሽ?»

አልታየሽ ከወገቧ አቡጀዲውን ፈታችና እጁ ላይ አኖረችው። ጭቃ ጠጥቷል፤ አንድ ጫፉ የለም።

«ምንድን ነው?»

«እማዬ ለአጥንትህ የሰፋችው ነው።»

ገለበጠው። በሰማያዊ ክር የክርስትና ስሙ፣ ወልደ ገብርኤል፣ ተጠልፎበታል። ጣቱን ፊደሎቹ ላይ አስኬደ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አልታየሽ ላዩ ላይ ወደቀች። ምን ያህል እንደተላቀሱ እንጃ፤ ሞሪስ ሄዶ ውኃ አምጥቶላቸዋል። ከዚያ አልታየሽ የደምመላሽን ውሸት አንድ በአንድ ነገረችው።

ከቀትር በኋላ ዓሣ አጥማጆች ታንኳው የተገለበጠበት ሰው አመጡ። ደምመላሽ ነው፤ የአልታየሽ ቦርሳ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የእማማ እታፈራሁ አቡጀዲ ታስሯል። ዳኛቸው ጨርቁን አየና መፍቻውን አነሳ።

«ተወው» አለች አልታየሽ። «ገና ሥራ አለው።»

የወንድሟን ስልክ ተቀብላ ምንጃር ደወለች፤ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችው።

«አገኛችሁት?» አሉ እማማ እታፈራሁ።

«አገኘነው እማዬ።»

«አጥንቱ ሙሉ ነው? ጣቶቹን ቆጠርሽ?»

ግራሶ የነካውን የወንድሟን እጅ አየች። «ሙሉ ነው።»

«ተመስገን! ያ ደግ ልጅ፣ ደምመላሽ፣ አጠገብሽ አለ? ስጭኝ ልመርቀው።»

አልታየሽ ስልኩን ዘረጋችለት። «እንካ። መርዶውን ያረዳኸው አንተ ነህ። ምሥራቹንም አንተ ትነግራታለህ፤ ምንም ሳታስቀር።»

ደምመላሽ ስልኩን ተቀበለ። «እማማ… ደምመላሽ ነኝ።»

«ልጄ! የቀበረልኝ እጅህ ይባረክ…»

«አልቀበርኩትም፣ እማማ። ዋሽቼዎታለሁ። ዳኛቸው አልሞተም። እዚህ ነው። የታመመ ጓደኛዬን ጥዬ ሄጄ፣ ሞተ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከምንጃር የዶሮ ጩኸት ብቻ ይሰማል።

«ልጄን ስጠው» አሉ በመጨረሻ። «ካንተ ጋር በኋላ እንገናኛለን።»

ዳኛቸው ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። አፉን ከፈተ፤ ቃል አልወጣውም፤ ደግሞ ከፈተ።

«ምነው ዝም አልክ?» አሉት እናቱ። «ዛሬም ብሎኑ አፍህ ውስጥ ነው?»