ያልቀላው ረድፍ

እማማ እንቁ መርፌ ተወግተው ከአልጋው ሳይነሡ ሞቱ። ከንፈራቸው አብጧል፤ ጫማቸው ከአልጋው ሥር እንዳስቀመጡት ነው። ወደ ቀበሌያቸው ሊመልሳቸው የመጣው ጋሪ ከክሊኒኩ ደጅ ቆሟል። ፈረሱ ምን ያውቃል፣ ሣሩን ይግጣል።

ኢንስፔክተር ሶስና ዳንግላ ገበያ ዳር ካለው ከዚያ የግል ክሊኒክ ስትደርስ የሟች ልጅ ዮዲት የነርሱን ጋወን አንገቱ ላይ አንቃ ይዛለች። ዮዲት የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት።

«ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ጽፌ ነበር! እያወቀ ገደላት! እሰሩልኝ!»

«ወላሂ ቀይ አልነበረም» አለ ነርሱ መርዋን።

በክሊኒኩ የታካሚዎች ስም የሚያዘው ኮምፒውተር ላይ፣ በኤክሴል ሰንጠረዥ ነው። የማይስማማ መድኃኒት የሚጻፈው በስተቀኝ በመጨረሻው ዓምድ ስለሆነ ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ እዚያ «ፔኒሲሊን» ከተጻፈ ረድፉ ከስም እስከ ጫፍ በራሱ እንዲቀላ ታዟል። ትእዛዙን የሠራው ደግሞ መርዋን ነበር፤ ይኸው ጥርጣሬውን አከበደበት።

«ጠይቀሃቸው ነበር?» አለችው ሶስና።

«ጠየቅኋቸው። ‹የማይስማማዎት መድኃኒት አለ ወይ እማማ?› ስላቸው፣ በአገውኛ ‹ልጄ ጽፋዋለች፣ እዚያ እየው› አሉኝ። አየሁ። ነጭ ነው።»

«ውሸታም! ቀለሙን አንተ ነህ ያጠፋኸው!» አለች ዮዲት።

የክሊኒኩ ባለቤት አቶ ይሄነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የይለፍ ቃሉን የምናውቀው እኔ፣ ዮዲትና እሱ ነን፤ እኔ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ እንጅባራ ነበርኩ። የቤቱ ስም ሳይጠፋ ልጁን ውሰዱትና ነገሩ ይለቅ።»

ሶስና የሚያቻኩላትን ሰው አትወድም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የምትል ሴት ናትና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

እማማ እንቁ ከርዕሱ ቀጥሎ አንደኛ ላይ ተጽፈዋል። ወደ ቀኝ ሄደች፤ «ፔኒሲሊን» ይላል፣ ረድፉ ግን ነጭ ነው። ከእሳቸው ሥር ያለው ሽባባው የሚባል ታካሚ ነበር። በእሱ ረድፍ ለሙከራ «ፔኒሲሊን» ስትጽፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀላ። ሰረዘችው፣ ነጣ። ከዚያ የእማማ እንቁን ስም ትክ ብላ አየችው። የገባትን ነገር ባልገባኝ ብላ ተመኘች።

ሦስቱንም ወደ ካርድ ክፍሉ ጠራቻቸው።

«ቀለሙን ያጠፋ ሰው የለም» አለች። «እዩ፣ የሌላው ሁሉ ስም ቀጭን ነው፤ የእማማ እንቁ ግን እንደ ርዕሱ ወፍራም። ከርዕሱ ሥር አዲስ ረድፍ ሲከፈት የርዕሱን መልክ ይወርሳል።»

«ቢወርስስ?» አሉ አቶ ይሄነው።

«ቀለሙ የታዘዘው ያኔ አንደኛ ከነበረው ከሽባባው ጀምሮ ወደ ታች ነው። ባዶው ቦታ ጭምር ታዟል። ከሽባባው በላይ የገባን ሰው ግን ትእዛዙ አያውቀውም። የእማማ ካርድ ቁጥር የመጨረሻው ነው፤ በተራቸው ከታች ቢጻፉ ኖሮ ይቀላ ነበር።»

«ታዲያ ማነው ከላይ ያስገባቸው?» ብለው ጠየቁ አቶ ይሄነው።

ሶስና ቀና ማለት ከበዳት። በዚያ አገር ሠርግ ቤትም ሆነ ልቅሶ ቤት ትልቅ ሰው ወደ ጓዳ አይገፋም፤ እናትንማ ማን ከሰው ሁሉ ሥር ይጽፋል? እሷም ብትሆን ያንኑ ታደርግ ነበር።

«ዮዲት እህቴ» አለች፣ «ዝም ብል ይህ ልጅ ይታሰራል። ማነው የጻፋቸው?»

ዮዲት እስካሁን ያልለቀቀችውን የመርዋንን ጋወን ለቀቀች።

«እኔ ነኝ። እማዬ ወፍጮ ቤት በሉ፣ ቀበሌ በሉ፣ ዕድሜዋን ከኋላ ተሰልፋ ነው የኖረችው። ‹ሌላው ይቅደም፣ እኔ ምን ያስቸኩለኛል› ትላለች። ልጇ ባለችበት ቤት እንኳ አንድ ቀን ትቅደም ብዬ...»



«እኔም ገፋ አድርጌ ዓምዱን ማየት ነበረብኝ» አለ መርዋን እያለቀሰ። «ቀለሙን አመንኩት።»

ዮዲት ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋች። ከሁሉም ሥር፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ የእናቷን ስም ጻፈች። በመጨረሻው ዓምድ «ፔኒሲሊን» ብላ ሞላች። ረድፉ ቀላ።

«ይኸው፣ አሁንማ ቀላ» አለች መዳፏን ስክሪኑ ላይ አድርጋ። ሶስና ከጎኗ ቆማ ትከሻዋን ያዘቻት። ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ አንጀቷን የበላው ግን የለም።

አስከሬኑን ወደ ጋሪው ከተሸከሙት አንዱ መርዋን ነበር። ዮዲት አልከለከለችውም። ባለጋሪው ልጓሙን ይዞ ቀስ ብሎ መራ፤ ልጅም፣ ነርስም፣ የክሊኒኩ ባለቤትም፣ መርማሪም በእግር ከኋላ ተከተሉ። እማማ እንቁ ያን ቀን ቀደሙ።