በጠመኔ የተጻፈው ሰዓት

ከግድግዳው ሥር የሚታየው የሟቹ ቀኝ እጅ ብቻ ነበር። ከፋብሪካ ተሠርቶ የመጣው ባለ ሦስት ቶን ግድግዳ አራተኛው ፎቅ ላይ በፊቱ ተደፍቷል። መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ «ያለ አደጋ 213 ቀን» ይላል። ጠዋት 212 ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ይቀየራል፣ ሰው ቢሞትም መቀየሩ አልቀረም።

መርማሪው ጎንበስ ብሎ እጁን አየ። አውራ ጣቱ በእርጥብ ሲሚንቶ ተለውሷል። አራቱ ጣቶች ንጹሕ ናቸው።

ሟቹ ጋሽ ውሃ ልክ ይባላል። ሠላሳ ዓመት ጡብ የደረደረ ግንበኛ ነው፤ ግድግዳ በመኪና መምጣት ከጀመረ ወዲህ ግን ሙያው ብሎን ማጥበቅ ሆኖ ቀርቷል።

«ክሬኑ ነው የገፋው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ኦፕሬተሯ ደግሞ የገዛ ልጁ ናት። ያሳዝናል፤ ግን ሕግ ሕግ ነው።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ቢሮ። ከትናንት ወዲህ አራተኛ ፎቅ አልወጣሁም፤ ከማንም ጋርም አላወራሁም። ግድግዳው እንደሆነ በራሱ አይወድቅም። ትናንት አራት ሰዓት የተሞላ ሲሚንቶ ነው፣ ሽማግሌው ራሱ በጠመኔ ጽፎበታል።»

መርማሪው በሰውየው አዲስ ጥቁር ጃኬት እጅጌ ላይ ያለውን ነጭ ብናኝ አየት አደረገ።

ልጅቱ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጣለች።

«የክሬኑ መንጠቆ ግድግዳውን ነክቷል?»

«አላውቅም ጋሼ። ፈጣን አሠራር ነው ብለው በሦስት ቀን አንድ ፎቅ እንጨርሳለን። ሽንት ቤት መውረድ ስለማይፈቀድልኝ ውሃ አልጠጣም። ከሰዓት በኋላ ዓይኔ ይጭበረበራል። ነክቼው ይሆናል። አባቴን ገድዬው ይሆናል።»

ፎርማኑ እጁን ያፍተለትላል።

«የጋሽ ውሃ ልክ ጠመኔ እዚህ እንደ ማኅተም ነው። ሲሚንቶ ከግርጌ የሞላበትን ሰዓት ይጽፋል፤ ከዚያ ሰዓት አንድ ሙሉ ቀን ሳያልፍ የብረት ድጋፉን ማንም አያነሳም። አለቃ ቢጮህ እንኳ።»

«ይሄንን ድጋፍ ማን አነሳው?»

ፎርማኑ አንገቱን ደፋ።

ግድግዳው ጥቂት ከፍ ተደርጎ አስከሬኑ ከሥሩ ከወጣ በኋላ መርማሪው ሁሉንም አራተኛው ፎቅ ላይ ሰበሰበ። ከጎረቤት ግንባታ የመጣ ኦፕሬተር ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ ቀና አደረገው። «ትናንት 4 ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ታየ። ከሥሩ፣ ተጠርጎ የደበዘዘ «ዛሬ 2 ሰዓት» አለ።

«ከጣቱ እንጀምር» አለ መርማሪው። «ሲሚንቶ መድረቁን በአውራ ጣቱ የሚፈትን ግንበኛ ብቻ ነው። ጋሽ ውሃ ልክ ከምሳ ሲመለስ ድጋፉ የለም፤ ሮጦ የግርጌውን ሲሚንቶ በጣቱ ተጫነ። እርጥብ ነበር። ድጋፍ የሌለው ግድግዳ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ክሬን አያስፈልገውም፤ ንፋስ ይበቃዋል። ድጋፉን ማን አነሳ?»

«እኔ» አለ ፎርማኑ እንባው እየወረደ። «ከምሳ መልስ ‹ትናንት› የሚለውን አነበብኩ። እሱ ከጻፈው ብዬ አመንኩ። ፈርቼ ለማንም አልተናገርኩም።»

«አንተ ያነበብከውን አመንክ። ጽሑፉ ግን ከመሬት ጋር ተጣብቆ ሳለ ሌላ ሰው በቃሉ ነገረኝ፤ ከትናንት ወዲህ እዚህ ያልወጣ፣ ከማንም ጋር ያላወራ ሰው። ጌታው፣ የተጻፈውን በምን ዓይንዎ አዩት? ያንን የእጅጌዎን ጠመኔስ ከቢሮ ጠረጴዛ ነው የጠረጉት?»

ሥራ አስኪያጁ እጅጌውን ወደ ኋላ ሸሸገ።

«ድጋፍ አጥሮን ነበር። ለአምስተኛው ፎቅ ያስፈልግ ነበር። ሦስት ቀን ማለት ሦስት ቀን ነው። ይወድቃል ብዬ አላሰብኩም።»

«ሠራተኞቹ ቃልዎን እንደማይሰሙ፣ የሽማግሌውን ጠመኔ ግን እንደሚያምኑ ያውቁ ነበር። በእነሱ እምነት የገደሉት እርስዎ ነዎት።»

ፖሊሶቹ ከልጅቱ አጠገብ ተነስተው ወደ እሱ ሄዱ። ሰውየው ሲወሰድ «ነገ የሚመጡትን ግድግዳዎች ማን ይቀበላል?» አለ።

ልጅቱ ወደ ፎርማኑ ሄዳ እጇን ዘረጋች። እሱ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

«የአባባን ጠመኔ ስጠኝ» አለችው።

ከአስከሬኑ አጠገብ ያነሳውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ከዳር እስከ ዳር በግድግዳዎቹ ሁሉ ላይ ጻፈች፦ «ዛሬ። አይነካም።» ከዚያ ወርዳ መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ በመዳፏ ጠረገችና «0» ብላ ሞላችው።