በእናት ወገን የሞቱ ወንዶች

ይሄ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ ይተወው፤ ለማንም አልምልም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ። የሆስፒታል ሁለተኛ ፎቅ፣ የሕፃናት ክፍል ኮሪደር።

የልጄ ልጅ ከመስታወቱ ወዲያ ለብቻው ተኝቷል። ስምንት ወሩ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ደረቱ ሲያፏጭ ይሰማል።

በአንድ ጎኔ ልጄ፣ በሌላው አማቷ ተቀምጣለች።

«እኛ ቤት እንዲህ ያለ በሽታ አይታወቅም» አለችኝ አማቷ።

«እኛስ ቤት ማን ያውቀዋል?» ብዬ አፏን አስያዝኳት።

ሐኪሙ መጣ። እሱ ራሱ ጡት የጣለ አይመስልም።

«እማማ፣ በሽታ የሚከላከሉ ሴሎች መጀመሪያ ጥሬ ሆነው ይፈጠራሉ፤ ከዚያ ይጎለምሳሉ። በሽታውን የሚይዘውን ፕሮቲን የሚሠሩት የጎለመሱት ናቸው። የዚህ ልጅ ግን ሳይጎለምሱ የሚቀሩ ይመስለኛል።»

«እስካሁን ታዲያ በምን ኖረ?»

«እናቱ ሆድ ሳለ ከእሷ ባገኘው ፕሮቲን። አሁን እሱ አለቀ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በሽታው በእናት በኩል ለወንዶች ልጆች የሚወርድ ነው። በእናቱ ወገን በሕፃንነቱ የሞተ ወንድ አለ? ካለ፣ የምርመራውን ውጤት ሳልጠብቅ ከሌሎች ሰዎች ደም የተጣራውን ፕሮቲን ዛሬውኑ እሰጠዋለሁ።»

ልጄ አየችኝ። አማቷም አየችኝ።

«የለም!» አልኩ። «የእኔ ዘር ድንጋይ ነው።»

ሐኪሙ ሄደ።

ያኔ ሕፃኑ ሳቀ...

ወደ እኛ አይደለም። ወደ ባዶው ጥግ።

ቀጥሎ መስታወቱ ላይ ጉም ታየ። ትንፋሽ ነው። ዝቅ ብሎ... የሚድህ ልጅ አፍ የሚደርስበት ቦታ።

ከጉሙ ላይ የትንሽ እጅ አሻራ ወጣ።

የጽዳት ሠራተኛዋ በጨርቅ ፈተገችው። አልለቀቀም።

«ከውስጥ ነው እኮ» አለች።

ሕፃኑ ግን አልጋው ላይ ነው።

ሁለተኛ እጅ... ሦስተኛ...

የሦስተኛው ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ ታጥፋለች። አወቅኩት። ያዘልኩት እኔ ነኛ!

«እማዬ... ላብ አጠመቀሽ እኮ» አለች ልጄ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ።»

«እማዬ!»

«ሦስት ወንድሞች... ነበሩኝ።»

«ሲሞቱ ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ዓመት የት አገኙና።»

ልጄ ሐኪሙን ፍለጋ ሮጠች። ወዲያው መጥቶ ጠርሙሱን ሰቀለ፤ መድኃኒቱ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

አማቷ አንገቷን ደፋች። ምነው በሰደበችኝ! በዚህ ዕድሜዬ፣ ለስሜ ብዬ ሕፃን ላስበላ ነበር። ፊቴን የማዞርበት ጠፋኝ።

ከሰው ዓይን ልሸሽ ተነሣሁ። ደረጃው ጋ ስደርስ ቀሚሴ ከኋላ ከበደኝ።

ሦስት ቦታ ተይዟል... ከጉልበቴ በታች።

አልዞርኩም።

እንዳይወድቁ ቀስ ብዬ ወረድኩ።